ኖራና ቀይ አፈር በሐረር ቤቶች ውስጥ

በሐረር ጁገል የሚገኘው የሐረሪዎች ነባር ቤት ዋና ክፍል፣ ግድግዳው በኖራ ነጭ ሲሆን፣ ወለሉና «ነደባ» የሚባሉት ደረጃ ያላቸው መደቦች በቀይ አፈር ይቀባሉ። ይህ የቀለም አከፋፈል የጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ክፍሉ ብርሃን የሚያገኘው በአብዛኛው በበሩ በኩል ስለ ሆነ፣ ነጩ ግድግዳ ያንኑ ጥቂት ብርሃን እያንጸባረቀ ቤቱን ወለል አድርጎ ያሳያል። ኖራ እድፍን ስለማይሰውር ዘወትር መታደስን ይጠይቃል፤ አዲስ ሲቀባም የሚያቃጥለው ባሕርዩ ረቂቃን ተሐዋስያንን ያጠፋል። እግር የሚረግጠውና ሰው የሚቀመጥበት ስፍራ ግን አቧራ አያጣውም፤ ቀይ አፈር ይህን ከራሱ መልክ ጋር ያዋሕደዋል። እንግዲህ አንዱ ቀለም ጉድፍን ሲያጋልጥ ሌላው ይሸሽጋል።

የከተማይቱ ትውፊት ግን ቀዩን ቀለም፣ በ1879 ዓ.ም. አሚር አብዱላሂ በንጉሥ ምኒልክ በተሸነፉበት በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ያደርገዋል። ሁለቱ ምክንያቶች አይጣሉም፤ ወለሉ በታደሰ ቁጥር መታሰቢያውም አብሮ ይታደሳል።

በኋላ ዘመን በኖራው ፈንታ የዘይት ቀለም ገብቷል። ይህ በውሃ መታጠቡ ይመቻል፤ ነገር ግን በድንጋይና በጭቃ የተሠራውን ግድግዳ እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ፣ ፊቱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ውስጥ ውስጡን ሊላሽቅ ይችላል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ሊጠበቅ የሚገባው የቀለሙ መልክ ብቻ ሳይሆን የማደሱም ልማድ ነው።