ሽልንግ ሲከብድና ሲቀል

ከአባይ ማዶ ከጎጃም ጋር የሚዋሰነው የወሎው የመካነ ሰላም ደጋ፣ እንደ ሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ ገበያ ለረጅም ዘመን በሁለት ገንዘብ ተገበያይቷል፤ ለትልቁ ጠገራ ብር፣ ለዝርዝሩ አሞሌ ጨው። 28 ግራም የሚመዝነው ጠገራ ዋጋው በውስጡ ያለው የብር ማዕድን ነው። አሞሌ ግን ከአፋር የጨው ሜዳ በራቀ ቁጥር ይወደዳል፤ ለአንድ ጠገራ የሚመነዘረውም ያንሳል። ዝርዝር ገንዘብ ዋጋው እንደማይረጋ ባለገበያው ያወቀው ገና በጨው ዘመን ነው።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር ሲታወጅ፣ 1936 የሚል ዓመት የተቀረጸባቸው የመዳብ ሳንቲሞችና ከብር ማዕድን የተሠራው 50 ሳንቲም ተከተሉ። ሕዝቡ ሃምሳውን ሽልንግ፣ ሃያ አምስቱን ስሙኒ አለው። ክቡ ስሙኒ በመጠን ከሽልንጉ ጋር ይመሳሰል ስለነበር፣ አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ እንደ ሽልንግ ያሳልፉት ጀመር። በኋላ ጠርዙ በተሸነሸነ ስሙኒ ተተካ።

ሽልንጉን ግን የራሱ ማዕድን ፈተነው። መጀመሪያ የወጣው 7 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ከአምስት አራቱ እጅ ንጹሕ ብር ነበር። ዶላር በ2 ብር ከ50 ገደማ በሚመነዘርበት ዘመን ሽልንግ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ያወጣል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የዓለም የብር ዋጋ በአውንስ 1 ዶላር ከ29 ሲደርስ፣ ማዕድኑ ብቻውን 23 ሳንቲም ያህል አወጣ። እንዲህ ያለ ገንዘብ ለባለሱቅ ከመስጠት ለአንጥረኛ መስጠት ያዋጣል፤ በወሎ ጠገራው አልቦና ድሪ ሲሆን እንደኖረው ሁሉ።

በ1969 ዓ.ም. ደርግ ያስመታቸው ሳንቲሞች የጠፉት በተቃራኒው ነው። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ የተቀረጸባት አንድ ሳንቲም አሉሚኒየም ነበረች፤ ማንም አቅልጦ አያተርፍባትም። እሷን ያስቀራት የሸቀጡ ዋጋ ነው። በ1985 መስከረም ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ዘለለ። በ2002 አንድ ብር ራሱ ሳንቲም ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚህ ስሌት ሽልንግ ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም እንኳ አያወጣም።

ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ሳንቲም ከገበያ ሲወጣ ዋጋ በሳንቲም መጨመሩ ይቀርና በሙሉ ብር ይዘላል። በኩንታል ለሚሸምት አንድ ብር ቁም ነገር አይደለም፤ በጣሳ ለሚገዛ ግን በየግዢው የሚከፈል ተጨማሪ ዕዳ ነው።