አንጥረኛውን ማን አረከሰው?

እንግሊዞች «ድሮስ» የሚሉት ቃል አላቸው። ማዕድን ሲቀልጥ ከላይ ተንሳፍፎ የሚወጣው፣ ተገፎ የሚጣለው ቆሻሻ ነው። ቆይቶ የማንኛውም ከንቱ ነገር መጠሪያ ሆነ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኢሳይያስ ምዕራፍ 1 ላይ «ዝገት» ብሎታል። ነገር ግን ዝገት ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ብርም እንደ ብረት አይዝግም። ድሮስ ከማዕድኑ ጋር አብሮ ኖሮ እሳት የሚያጋልጠው ነው። «የብረት አር» የሚለው አጠራር ጨዋነት ቢጎድለውም ለነገሩ ይቀርባል።

አማርኛ ስለ መጥራት ብዙ ያውቃል። «ጥሩ» ራሱ ጠራ ከሚለው የወጣ ነው። ቅቤም ወርቅም ይነጠራል፤ የሚያነጥረውም አንጥረኛ ይባላል። «ጠይብ»ም ቢሆን ከግዕዙ «ጠቢብ» ጋር ዘመድ ነው።

ታዲያ ጠቢብነት እንዴት ስድብ ሆነ?

በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦ ደጋ የሚኖር ገበሬ ያለ ማረሻና ማጭድ ዓመቱን አይዘልቅም። ሁለቱም የብረት ቀጥቃጭ እጅ ሥራ ናቸው። ወሎን ጨምሮ በሰሜኑ ደጋ ሁሉ ግን ይኸው ሰው ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ማረሻውን የገዛው ገበሬ ልጁን አይድርለትም። ርስት ስለሌለው ወናፍ ላይ ይውላል፤ ወናፍ ላይ ስለዋለ ቡዳ ይባላል፤ ቡዳ ስለተባለ ርስት አያገኝም። እድፉን ከብረት የሚያወጣው ሰው ራሱ እድፍ ሆኖ ተቆጠረ።

አፄ ቴዎድሮስ ይህን ሊሰብሩ የሞከሩ ይመስላል። በጋፋት የአውሮፓ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖልን አስቀለጡ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ገደልና ወንዝ አሻግረው፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ ውስጥ ወዳለችው መቅደላ አወጡት። መድፉ አሁንም እዚያው ነው። ንጉሡ ያከበሩትን ሙያ መንደሩ ግን አላከበረውም።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነገሩ፦ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ እያሉ መስደብ ተከለከለ። አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ርስት አልሰጠም። የመሬቱ ጉዳይ እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ ቆየ።

ጋብቻውን ግን የትኛውም አዋጅ አልነካውም። ሽማግሌ ሲላክ «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም ይጠየቃል።