ከመድረክ ወደ ሸክላ

እህት ወንድሞቼ፣ አል ሂሊ ማታ ሥራ ጨርሳችሁ በስልክ የምትሰሙት የድሮ ዘፈን እንዴት እንደተረፈ ታውቃላችሁ?

ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ድራማው፣ ቀልዱና ዘፈኑ በአንድ መድረክ ይቀርብ ነበር። ጥላሁን ገሠሠም ክብር ዘበኛ ሳይገባ እዚያ ሠርቷል። ግን መጋረጃው ሲዘጋ ዘፈኑም አለቀ፤ ሸክላ ካልታተመ ክፍለ ሀገር ያለ ሰው በምን ይሰማዋል?

በ1948 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብቱን ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጡ። ያወጣው ግን ጥቂት ነው። (እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ለራስህም አትሠራ፣ ለሌላም አትለቅ!) በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ቤት ያለው ወጣት ሕጉን ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። ሊታሰርበት ይችል ነበር፤ ማንም አልነካውም።

ሸክላዎቹ የሚታተሙት ውጭ ነበር፤ መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ሊባኖስ። አዎ ሊባኖስ፣ ዛሬ ስንት እህቶቻችን በሰው ቤት የሚሠሩባት። ደርግ ሲመጣ አምሃ ራሱ አሜሪካ ተሰደደ።

ሀገር ቤት ስትደውሉ ጠይቁ፤ አልጋ ሥር አሮጌ ሸክላ ካለ ለልዋጭ እንዳይሰጡት።