ከመጋዝ ወደ መርፌ፦ የእግር ደም ሥሮች ሕክምና ታሪክ



ለብዙ ዘመናት በእግሩ ደም ሥር ላይ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ከሐኪም የሚጠብቀው መጋዝ ወይም ክር ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው አምብሩዋዝ ፓሬ እግር ሲቆርጥ የሚደማውን ሥር በጋለ ብረት ከመተኮስ ይልቅ በክር ማሰሩ ታላቅ እመርታ ነው። ክሩ ግን ሕይወትን እንጂ እግርን አላዳነም።

እ.ኤ.አ. በ1785 ጆን ሀንተር ለንደን ውስጥ ከጉልበቱ ጀርባ ያለው ደም ቅዳ ያበጠበትን አንድ የሠረገላ ነጂ አከመ። የወቅቱ ልማድ እግሩን መቁረጥ ነበር። ሀንተር ግን ከእብጠቱ ርቆ፣ ጭኑ ላይ፣ ደም ቅዳውን አሰረ። ዋናው መንገድ ቢዘጋም ደሙ በጥቃቅን ሥሮች ዞሮ እግሩን እንደሚመግብ ተማምኗል፤ ሰውየውም ከስድስት ሳምንት በኋላ እግሩ ሳይቆረጥ ከሆስፒታል ወጣ።

ይሁንና ማሰር መንገድ መዝጋት ነው። በ1894 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ በሊዮን ከተማ በጩቤ ተወግተው ሲሞቱ፣ የተቀደደውን ትልቅ ደም ሥር ሊሰፋላቸው የቻለ አልነበረም። ይህ ነገር በዚያው ከተማ የነበረውን ወጣቱን አሌክሲ ካሬልን ዕረፍት ነሳው። ረቂቁን ስፌት የተማረው ከአንዲት የጥልፍ ባለሙያ ሴት ነው። በ1902 ያሳተመው ዘዴ የቧንቧውን ክብ አፍ በሦስት ክሮች ወጥሮ እንደ ሦስት ማዕዘን በማድረግ ስፌቱን አቀለለ፤ በ1912ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ዕውቀቱ ጦር ሜዳ ለመድረስ ግን ዘገየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደም ቅዳቸው ከታሰረባቸው አሜሪካውያን ቁስለኞች ግማሽ ያህሉ እግራቸውን ወይም ክንዳቸውን አጥተዋል። የእኛም የቃኘው ሻለቃ በዘመተበት በኮርያ ጦርነት ሥሩን መጠገን ሲለመድ፣ የሚቆረጥባቸው ከመቶ ወደ 13 ገደማ ወረዱ።

በ1948 ደግሞ ዣን ኩንላን ፓሪስ ውስጥ ከበሽተኛው ከራሱ እግር ደም መልስ ወስዶ በተዘጋው ደም ቅዳ ላይ መሻገሪያ አድርጎ ሰፋው። በ1964 በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ አንዲት የ82 ዓመት አሮጊት፣ እግራቸው መበስበስ ቢጀምርም፣ አላስቆርጥም አሉ። የራጅ ሐኪሙ ቻርልስ ዶተር ቀጫጭን ቱቦዎችን በደም ቅዳቸው አስገብቶ የጠበበውን አሰፋላቸው። እኚህ ሴት እስኪያርፉ ድረስ በእግራቸው ሄደዋል።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህ ሁሉ ጥበብ የሚጠቅመው እግሩ ሳይሞት ለደረሰ በሽተኛ ብቻ ነው። ለዘገየው ዛሬም የሚጠብቀው የፓሬ መጋዝ ነው። እንግዲህ የስኳር ሕመምተኛ ሲቀርብላችሁ ካልሲውን አስወልቁ፤ በእግሩ ላይ የደም ትርታውን በጣታችሁ ፈልጉ። መርፌው መጋዙን የሚቀድመው ከዚያ ሲጀመር ነው።