የኢንተርኔት መጀመሪያና የስልክ ታሪፍ



ዛሬ የምንናገረው ኢንተርኔት ወደ ሕዝብ ቤት መግባት በጀመረባቸው ዓመታት ስለ ነበረው የዋጋና የመዘግየት ችግር ነው። ነገሩ የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ታሪኩን ለተመለከተ ሰው ግን፣ በጽሕፈት ቤት የሚወሰነው የዋጋ ደንብ ከሽቦው ባላነሰ ክብደት እንዳለው ያስረዳል። የውጭ አገሩን ታሪክ የምንናገረው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

መልእክትን በሽቦ መላክ ከጥንቱም ውድ ነበር። በ1866 ኤውሮፓንና አሜሪካን የሚያገናኘው የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ሽቦ ሥራ በጀመረ ጊዜ፣ ለ20 ቃል የሚከፈለው 20 የእንግሊዝ ፓውንድ ነበር። ስለዚህ ላኪው ገንዘቡን የሚያድነው ቃሉን በማሳጠር ነበር። ነገር ግን ቴሌግራፍ የሚሸጠው በቃል ስለ ሆነ፣ ሽቦው ቢዘገይ የላኪው ሒሳብ አይጨምርም፤ የገንዘቡ ጉዳት በኩባንያው ላይ ይወድቃል።

በ1990ዎቹ ዓመታት የተስፋፋው ኢንተርኔት ግን በብዙ አገር የተሸጠው በደቂቃ ነው። ኮምፒዩተሩ ሞደም በሚባል መሣሪያ አማካይነት ተራውን የስልክ መሥመር ይዞ እንደ ማንኛውም ሰው ይደውል ነበር። በሴኮንድ 28,800 ቢት የሚያስተላልፈው ሞደም አንድ ሜጋባይት ለማምጣት፣ ሁሉ ነገር ቢቃና እንኳ ከአራት ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጅ ነበር። በዚህ ላይ መሥመሩ ለአንድ ደዋይ ብቻ የተያዘ ስለ ሆነ፣ ሰውየው የመጣለትን ጽሑፍ ዝም ብሎ ሲያነብም ሒሳቡ ይቈጠር ነበር። እንግዲህ በቃል ሲሸጥ መዘግየት የሻጩ ኪሣራ እንደ ነበረ ሁሉ፣ በደቂቃ ሲሸጥ መዘግየት የገዢው ዕዳ ሆነ። ስለዚህ ጠንቃቃው ሰው ደብዳቤውን አስቀድሞ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ይደውላል፤ የመጣለትንም ሰብስቦ መሥመሩን ዘግቶ ያነባል።

ይህ ቅሬታ ወደ አደባባይ ከወጣባቸው አገሮች አንዷ እስፓኝ ናት። በ1998 የስልክ ገበያ ለውድድር ሊከፈት ሲል፣ የሩቅ ጥሪ ዋጋ እንዲቀንስ፣ የከተማ ውስጥ ጥሪ ግን እንዲወደድ ተወሰነ። ውሳኔው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ለብዙ ዘመን የሩቁ ጥሪ ገቢ የቅርቡን ጥሪ ሲደጕም ኖሯልና። ይሁን እንጂ የኢንተርኔት ተጠቃሚ የሚደውለው ወደ ቅርብ ሲሆን፣ በመሥመሩ ላይ የሚቈየው ለሰዓታት ስለ ሆነ፣ ሸክሙ የወደቀው በእርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1998 ተጠቃሚዎቹ ለአንድ ቀን አንደውልም ብለው አደሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በዚያው ዓመት በጀርመንና በፈረንሳይም ተመሳሳይ አድማ ተከተለ። በመጨረሻም የእስፓኝ መንግሥት በጁን 2000 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከኖቬምበር 1 ቀን ጀምሮ በወር 2,750 ፔሴታ የከፈለ ሰው፣ በእኛ ሰዓት አቈጣጠር ከምሽቱ 12 እስከ ጧቱ 2 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድም ቀኑን ሙሉ፣ ደቂቃ ሳይቈጠርበት እንዲጠቀም ተፈቀደለት።

ቍርጥ ዋጋ ግን ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። በአሜሪካ አገር፣ አሜሪካ ኦንላይን የተባለው ኩባንያ ዲሴምበር 1 ቀን 1996 የሰዓት ሒሳብን ትቶ ዋጋውን በወር 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም አደረገ። ወዲያው መሥመሮቹ ተጨናነቁ፤ ደዋዩ የሚሰማው መሥመሩ መያዙን የሚያስታውቀውን ድምፅ ብቻ ሆነ። ለመግባት የቻለውም፣ ከወጣሁ አልመለስም ብሎ ፈርቶ መሥመሩን አልለቅም አለ። በማግሥቱ ጃኑዋሪ ኩባንያው ከብዙ ግዛቶች ዓቃብያነ ሕግ ጋር ተስማምቶ ለደንበኞቹ ገንዘብ ለመመለስ ተገደደ።

በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት ነው። በመሥሪያ ቤት አንዱ የስልክ መሥመር ለኢንተርኔት ሲያዝ፣ በዚያ ቍጥር የሚደውል ባለጉዳይ መልስ ሳያገኝ እንደሚቀር፣ በዚያን ጊዜ የሠሩ ሁሉ ያውቁታል።

በኋላ ፈጣኑ አገልግሎት ወደ ብዙ ቤቶች የገባው በዚያው በአሮጌው የመዳብ ሽቦ ነው፤ በሁለቱ ጫፎች ያለው መሣሪያና የዋጋው ደንብ ተለወጡ እንጂ ሽቦው አልተለወጠም። ስለዚህ የአገልግሎት ዋጋ የሚወስን ሹም ሊጠይቅ የሚገባው፣ ዋጋው ስንት ይሁን የሚለውን ብቻ አይደለም፤ ሥራው ሲዘገይ የሚከፍለው ማን ነው ብሎም መጠየቅ አለበት። ከፋዩ ባለጉዳዩ ብቻ የሆነ እንደሆነ፣ ለመፍጠን የሚቸኵል መሥሪያ ቤት አይገኝም።