የቀይ አፈር ጥቃቅን ክሪስታሎችና የእግር ዝሆኔ በሽታ (ፖዶኮኒዮሲስ) በወላይታ ዞን

ፖዶኮኒዮሲስ ለረጅም ዓመታት ቀይ የሸክላ አፈርን በባዶ እግር በመርገጥ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ የእግር እብጠት በሽታ ነው። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በበሽታው እንደተጠቁ ይገመታል። ወላይታ ዞን በሽታው በስፋት ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

ክሪስታሎቹ እንዴት ይፈጠራሉ?

ዳሞታ ተራራን ጨምሮ የአካባቢው ደጋማ መሬት ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘ ነው። ዝናብና ሙቀት አለቱን ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲያፈራርሱት ሲሊካና አሉሚኒየም ይለቀቃሉ። እነዚህም ዳግም ተዋሕደው እጅግ ስስ የሆኑ የሸክላ ማዕድን ክሪስታሎችን ይሠራሉ፤ ክሪስታሎቹም በጠርዛቸው ላይ አዳዲስ አተሞች እየተጨመሩ ያድጋሉ። በእሳተ ገሞራ አፈር ከሚገኙት ማዕድናት አንዱ በሆነው ሃሎይሳይት የንብርብሩ ሁለት ገጾች ስፋት እኩል ስላልሆነ፣ ንብርብሩ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ቱቦ ይሆናል፤ ከጫፉ ሲታይ ቀለበት ይመስላል። መጠኑ የሚለካው በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

በሽታው እንዴት ይመጣል?

ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት በሽታውን ከቀይ አፈር ጋር አያይዘውታል። በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደ የኋላ ጥናት ደግሞ በተለይ ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ የተባሉትን ማዕድናት ጠቁሟል። ጥቃቅን ማዕድናቱ በእግር ቆዳ ገብተው በሊምፍ ቱቦዎች ሲከማቹ ሰውነት ይቆጣል፤ ቱቦዎቹ ይጠባሉ፤ እግርም ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በወላይታ የተካሄደ ጥናት ተጋላጭነቱ በዘር ሊወረስ እንደሚችል አሳይቷል። በመሆኑም በሽታው እርግማን አይደለም፤ ታማሚን ከማኅበራዊ ኑሮም ሆነ ከትዳር ማግለል ተገቢ አይደለም። ተጋላጭነቱን የወረሰ ልጅም እግሩ ከአፈር ከተጠበቀ በሽታውን መከላከል ይቻላል።

ምን ማድረግ ይገባል?

• ከልጅነት ጀምሮ፣ በእርሻ ሥራ ላይም ጭምር፣ እግርን የሚሸፍን ጫማ ማድረግ፤
• እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ታጥቦ በጣቶች መካከል ጭምር በሚገባ ማድረቅ፤
• የእግር ማሳከክ፣ ማቃጠል ወይም ማበጥ ሲጀምር ሳይዘገዩ ምርመራ ማድረግ፤
• ያበጠ እግር ሲግልና ሲያም፣ ትኩሳትም ሲኖር በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ።

እብጠቱ ገና ሲጀምር ክብካቤ ከተደረገለት ሊቀንስ ይችላል። ለምርመራና ለምክር አገልግሎት በቀበሌዎ የሚገኙትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያማክሩ ወይም በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።