ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ክብደት በምን ፍጥነት ይቀንሳል?

ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ለማከም የሚደረገው የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ውጤት የሚለካው በመጀመሪያዎቹ ወራት በሚታየው ፈጣን የክብደት መቀነስ ብቻ አይደለም። ፍጥነቱ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚደረገው ክትትል ይበልጥ ወሳኝ ነው። ጉዳዩ ቀዶ ሕክምናውን ርቀው አድርገው ወደ ጅማ፣ አጋሮና ሊሙ ገነት ለሚመለሱ ታካሚዎች በተለይ ትኩረት የሚሻ ነው።

በአገሪቱ ክብደት ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው የምግብ እጥረት ቢሆንም ሁኔታው እየተለወጠ መጥቷል። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያመለክተው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው በ1992 ዓ.ም 3 በመቶ የነበሩ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም 8 በመቶ ደርሰዋል። በከተሞች ቁጥሩ 21 በመቶ ነበር።

ለቀዶ ሕክምናው መስፈርት ሆኖ የቆየው ክብደት በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ስኩዌር ተካፍሎ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም እንደ ስኳር በሽታ ያለ ተጓዳኝ ሕመም ሲኖር 35 መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ተጓዳኝ ሕመም ባይኖርም 35 እንዲበቃ አድርጓል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 የሆነ ሰው 40 ላይ የሚደርሰው 109 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ታካሚው ጥብቅ የአመጋገብ ሥርዓት እንዲከተል ይደረጋል። ዓላማው ጉበት በስብ ምክንያት ካበጠበት እንዲቀንስና ሐኪሙ ጨጓራውን በቀላሉ እንዲያገኘው ነው። በእነዚህ ሳምንታት ከሚወርደው ክብደት ከፊሉ ውኃ ስለሆነ ለወደፊቱ ፍጥነት መለኪያ አይሆንም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክብደት በፍጥነት የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው። ከዚያ እየቀዘቀዘ ሄዶ ከ12 እስከ 18 ወራት ባለው ጊዜ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1987 በስዊድን የተጀመረው ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ጨጓራቸው ተከፍሎ ከትንሹ አንጀት ጋር የተገናኘላቸው ታካሚዎች በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ በአማካይ 32 በመቶ ቀንሰዋል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ቅናሹ 25 በመቶ ነበር። ቀደም ሲል የተጠቀሰው ባለ 109 ኪሎ ሰው በዚህ ስሌት ወደ 74 ወርዶ ኋላ 82 አካባቢ ይረጋል ማለት ነው። ሰውነት ሲቀል የሚያቃጥለው ኃይልም ስለሚቀንስ የሚዛኑ መቆም የሕክምናው መክሸፍ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ሚዛን የወረደው ስብ ይሁን ጡንቻ አይለይም። ለዚህም ነው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በተወለዱ ሕፃናት ላይ በተካሄደው ጥናት ከክብደት ባሻገር የስብና የሌላው የሰውነት ክፍል መጠን ለየብቻ የተለካው። ለቀዶ ሕክምና ታካሚም ጥያቄው ያው ነው። ጡንቻ እንዳይከስል እንቁላል፣ ወተት፣ ምስርና ባቄላ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል፤ ቆጮ የሚያጠግብ ቢሆንም ፕሮቲኑ ጥቂት ነው።

ቡና አብቃይ በሆነው በዚህ አካባቢ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ። ጨጓራና አንጀት ከተገናኙ በኋላ ሰውነት ብረትና ቫይታሚን ቢ12 የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ቡና ደግሞ ከምግብ ወይም ከብረት ክኒን ጋር ሲጠጣ ብረቱ በሚገባ እንዳይወሰድ ያደርጋል። አቦል፣ ቶናና በረካ ጠጥቶ ወዲያው ክኒን መዋጥ ክኒኑን ማባከን ነው። ስኳር የበዛበት ቡናም በእነዚህ ታካሚዎች ላይ ማላብ፣ ማዞርና የልብ ምት መፍጠን ሊያስከትል ይችላል።

ፈጣን የክብደት መውረድ ለሐሞት ጠጠር ያጋልጣል። የማያቋርጥ ትውከት የቫይታሚን ቢ1 እጥረት አስከትሎ አንጎልን ሊጎዳ ስለሚችል በአስቸኳይ ሕክምና ማግኘት ይገባል። ሴቶችም ከ12 እስከ 18 ወራት እርግዝናን እንዲያዘገዩ ይመከራል።

ታካሚው ወደ አካባቢው ሲመለስ የተደረገለትን የቀዶ ሕክምና ዓይነት የሚገልጽ ማስረጃ ለሚከታተለው ጤና ተቋም መስጠት ይኖርበታል። የደም ምርመራው በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል።